ምዕራፍ ሰባት፦ በሁለት ክልክል መሐል

ምዕራፍ ሦስት ላይ የግሪኩን አኪለስ ስንተዋወቅ፣ እናቱ ወንዝ ውስጥ ስትነክረው የያዘችው ተረከዙ ብቻ ውሃ ሳይነካው እንደቀረ፣ ፍላጻውም ያንኑ ፈልጎ እንዳገኘው አይተናል። ምዕራፍ አምስት ላይ ደግሞ የጀርመኖቹ ሲግፍሪድ በዘንዶ ደም ሲታጠብ አንዲት ቅጠል በትከሻዎቹ መሐል ተለጥፋ ኖሮ፣ ጦሩ በዚያች በኩል ገባ። ሁለቱም ታሪኮች ጀግናው የሚሞትበትን ቦታ ሰውነቱ ላይ ያኖሩታል። ጠላት ቦታውን ካወቀ ሥራው አለቀ።

አየርላንድ ስንገባ ይህ ፍለጋ አያዋጣም። የአየርላንድ ጀግና እንደ ማንኛውም ሰው በሁሉም በኩል ይቆስላል፤ ቆስሎም ይዋጋል። የሚሞተው በግዴታው በኩል ነው። ስለዚህ ጠላቶቹ ገላውን አያጠኑም፤ የሚያጠኑት ምን እንደተከለከለና ምን እምቢ ማለት እንደማይችል ነው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው። የአየርላንድን አማልክትና ጀግኖች በሙሉ ልዘርዝር ብል ስሞቻቸው ብቻ ምዕራፉን ይጨርሱታል። ይህን አንድ ነገር የጨበጠ አንባቢ ግን የቀረውን ራሱ ሊወጣው ይችላል።

የማያምኑበትን የገለበጡ ጸሐፊዎች

ታሪኮቹ ለረጅም ዘመን በቃል ሲነገሩ ኖረዋል። ጠባቂዎቻቸው ፊሊ የሚባሉ ባለሙያ ባለቅኔዎች ነበሩ። የሙያው የጥንት ደንብ እንደሚለው ከፍተኛውን ማዕረግ የያዘ ባለቅኔ 350 ታሪኮችን በቃሉ መያዝ ነበረበት። የሚመድቧቸውም በነገሩ ዓይነት ነበር፤ የከብት ዘረፋ፣ የእጮኛ ፍለጋ፣ የባሕር ጉዞ፣ የግብዣ፣ የሞት ታሪክ እያሉ። ዛሬ በመጻሕፍት የምናገኘው አራት ክፍል፣ ማለትም የአማልክቱ፣ የአልስተር ጀግኖች፣ የፊንና የአዳኝ ጭፍሮቹ፣ የነገሥታቱ የሚለው፣ የኋለኞች ምሁራን አከፋፈል ነው። ለአንባቢ ይመቻል፤ ከዚያ በላይ ክብደት ባንሰጠው ይሻላል።

በብራና ያሰፈሯቸው ክርስቲያን መነኮሳትና የገዳም ጸሐፊዎች ናቸው። በአየርላንድ ቋንቋ ብቻ ከተጻፉት መጻሕፍት እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁሉ ጥንታዊው «የቡላዋ ላም መጽሐፍ» ይባላል። ብራናው የቅዱስ ኪራን ላም ቆዳ ነው ስለሚባል ነው እንዲህ የተሰየመው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሜል ሙሪ እ.ኤ.አ. በ1106 በክሎንማክኖይዝ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዘራፊዎች እጅ ተገደለ። በዚያው ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው «የሌንስተር መጽሐፍ» ውስጥ ደግሞ፣ ከታሪኮቹ ሁሉ ትልቁ በሚያልቅበት ገጽ ላይ፣ ሁለት ማስታወሻዎች አሉ። በአየርላንድኛ የተጻፈው ታሪኩን ሳይለውጥ በቃሉ ለሚያጠና ሁሉ ምርቃት ነው። በላቲን የተጻፈው ግን ጸሐፊው ለነገሩ እምነት እንደማይሰጥ፣ ከፊሉን የአጋንንት ማታለያ፣ ከፊሉንም የቂሎች መደሰቻ አድርጎ እንደሚቆጥረው ይናገራል። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። አላምንበትም እያለ ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ጽፎ አስረከበን።

በሞቴ!

ጀግናው ላይ የተጫነውን ክልክል አየርላንዶች ጌሽ ይሉታል። ጌሽ ለሁሉም የወጣ ሕግ አይደለም፤ የአንድ ሰው የግሉ ነው። አንዱ አብሮት ይወለዳል፣ ሌላው ከዙፋን ጋር ይመጣል፣ ሌላውን ደግሞ ሌላ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ሴት፣ በላዩ ላይ ትጥልበታለች። ሲጣስ መጀመሪያ ክብር ይሄዳል፤ ነፍስ ትከተላለች።

ነገሩን ወደ ማዕዳችን እናምጣው። አንድ ሰው ረቡዕ ቀን ሰው ቤት ገባ እንበል። የቤቱ እመቤት ጾም መሆኑን ረስታ ዶሮ ወጥ አቀረበች። እንግዳው አፉን ለምክንያት ሲከፍት እሷ ጉርሻውን ጠቅልላ «በሞቴ!» ብላ ደቀነችበት። ቢጎርስ ጾሙን ሻረ፤ ባይጎርስ የሴትዮዋን ሞት አቃለለ። ጾምን መጠበቅ ደግ ነው፤ የሰው ማዕድ ማክበርም ደግ ነው። ጣጣው ሁለቱ ደግነቶች አንድ ሰው ላይ ባንድ ቅጽበት ሲወድቁ ነው። እኛ ዘንድ ይህ በሳቅ ያልቃል፤ ሽሮ ይወጣል። በአየርላንድ ታሪክ ውስጥ ግን ሽሮ የሚያወጣ የለም። ተራኪው ሆን ብሎ ጀግናውን ወደዚያች ቅጽበት ይነዳዋል፣ ሁለቱን መንገዶች ይዘጋበታል፣ ከዚያም ቆሞ ያየዋል።

በመንገድ ዳር የተጠበሰው ውሻ

ከጀግኖቹ ሁሉ ስመ ጥሩ ኩኹሊን ነው። በልጅነቱ ስሙ ሴታንታ ነበር። የአልስተር ንጉሥ ኮንኾባር ኩላን በሚባል አንጥረኛ ቤት ግብዣ ተጠርቶ ሲሄድ ልጁ ጨዋታ ላይ ስለነበር ዘግይቶ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል፤ አስፈሪው የዘብ ውሻም ተለቋል። ልጁ ውሻውን ገደለው። አንጥረኛው ከብቱንና ቤቱን የሚጠብቅለት አጥቶ ሲያዝን፣ ልጁ ቡችላ አድጎ እስኪተካ ድረስ እኔ ውሻህ እሆናለሁ አለ። ኩኹሊን፣ የኩላን ውሻ፣ የተባለው ያኔ ነው። ከስሙ ጋር ክልክሉ መጣ፤ የውሻ ሥጋ መብላት አይችልም። ሌላም ነበረበት፤ ምግብ ምድጃ ላይ ተጥዶ ካየ ሳይቀምስ ማለፍ አይችልም።

ይህ ጀግና ክልክልን እንደ መሣሪያ መጠቀምንም ያውቅበታል። ትልቁ ታሪክ የኩሊ ከብት ዘረፋ ነው። የኮናክት ንግሥት ሜቭና ባሏ አሊል አልጋ ላይ ሆነው ማን ይበልጣል ብለው ሀብታቸውን ያቆጣጥራሉ፤ እሱ በአንድ ነጭ ቀንድ ኮርማ በለጣት። ሜቭ ተወዳዳሪውን የኩሊን ቡናማ ኮርማ ለመውሰድ ጦር አሰልፋ አልስተር ገባች። የአልስተር ወንዶች በአንዲት በበደሏት ሴት እርግማን ምጥ እንደያዘው ሰው ተኝተዋል። የቆመው የ17 ዓመቱ ኩኹሊን ብቻ ነው። እሱም በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ እጁ ለጋ እንጨት ቀለበት አድርጎ ጎነጎነ፤ ኦጋም በሚባለው የጭረት ፊደል ጽሑፍ ቀርጾበት በመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አጠለቀው። እንዲሁ በአንድ እጁ ቀለበት የሚሠራ ሰው ከመሐላችሁ ካልተገኘ እዚህ አትለፉ የሚል ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት ክልክሉን ከመጣስ ጫካ እየመነጠረ በሌላ በኩል ዞረ። ተረት ነው ብለን ብንስቅበትም የታሪኩ ሰዎች ዓለም እንዴት እንደምትሠራ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አንድ ልጅ በጦር ያላቆመውን ጦር በግዴታ አቆመው።

ሞቱ ሲደርስ መሣሪያው ወደ እሱ ዞረ። ወደ መጨረሻው ውጊያ በሠረገላ ሲሄድ ሦስት ግራ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊቶች በመንገድ ዳር እሳት አንድደው ውሻ ይጠብሳሉ። ሊያልፋቸው ፈለገ። አንዷ ጠራችው፤ እምቢ አለ። ያኔ አሮጊቷ ነጥቡን ነካችው። ምድጃችን ትንሽ ስለሆነ ናቅኸን፤ የትልቅ ሰው ድግስ ቢሆን ኖሮ ትቆም ነበር አለችው። ሠረገላውን አቆመ። በግራ እጇ የሰጠችውን በግራ እጁ ተቀበለ፤ ቀምሶም ከግራ ጭኑ ሥር ሸጎጠው። የነካው እጅና የተሸጎጠበት ጭን ጉልበታቸው ከዚያችው ሰዓት ጠፋ።

ሴራው በዚህ አላበቃም። ውጊያው ላይ የጠላት ወገን ተሳዳቢ ባለቅኔዎች ወጥተው ጦሩን ስጠን፣ ካልሰጠኸን እናዋርድሃለን አሉት። ኩኹሊን በስስት ስሙ እንዲነሣ አይፈልግምና ጦሩን ወርውሮ ሰጠ፤ በሰጠበት ውርወራም ለማኙን ገደለ። ጠላት ጦሩን አንሥቶ መለሰለት፤ የሠረገላ ነጂው ሞተ። ሁለተኛ ጊዜ ስሙን ሳይሆን አልስተርን እንሰድባለን አሉ፤ ሰጠ፤ ፈረሱ ቆሰለ። ሦስተኛ ጊዜ ወገንህን ሁሉ አሉት፤ ሰጠ፤ እሱ ራሱ ተመታ። ወድቆ ላለመሞት ራሱን በቀበቶው ከቆመ ድንጋይ ጋር አሰረ። ላውዝ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ደንዶክ ከተማ አጠገብ፣ ሰዎች ያ ነው የሚሉት ረጅም ድንጋይ ዛሬም እርሻ መሐል ቆሟል።

ልብ እንበል፤ ጠላቶቹ ከእሱ የበረታ ተዋጊ አልፈለጉም። ያዘጋጁለት አንድ ምድጃና ሦስት ጥያቄ ነው።

ፈርጉስ ግብዣ ላይ ሳለ

በዚሁ በአልስተር፣ ንጉሥ ኮንኾባር ለራሱ ሊያገባት ያሳደጋት ዴርድረ ኒሻ ከሚባል ወጣት ጋር ወደ ስኮትላንድ ኮበለለች። ንጉሡ ይቅር ብያለሁ፣ ይመለሱ አለ። ዋስ የሆነላቸው ፈርጉስ ነው፤ ቃሉ የማይታጠፍ የተከበረ ሰው። ኮንኾባር ግን የፈርጉስን ጌሽ ያውቃል። ፈርጉስ ለጠጅና ለድግስ ከጠሩት እምቢ ማለት አይችልም። ንጉሡ በመንገድ ላይ በሌላ ሰው ስም ድግስ አስደገሰለት። እነ ኒሻ በበኩላቸው ከንጉሡ ማዕድ በፊት በአየርላንድ ምድር እህል ላንቀምስ ምለዋል። ፈርጉስ ዋስ የሆነላቸውን ሰዎች በልጁ አስይዞ ሰደዳቸውና እሱ ግብዣው ላይ ተቀመጠ። እነ ኒሻ የንጉሡ መቀመጫ ኤማን ማኻ ሲደርሱ ታረዱ።

ፈርጉስ ዋስትናውን ያፈረሰውን ንጉሥ ከተማ አቃጥሎ፣ ተከታዮቹን ይዞ፣ ወደ ሜቭ ገባ። በከብት ዘረፋው ታሪክ የአልስተር ሰው ሆኖ ሳለ ከጠላት ጦር ጋር የምናገኘው ለዚህ ነው። በድንጋዩ ላይ ያለውን የኩኹሊንን የጭረት ጽሑፍ አንብቦ ለሠራዊቱ የተረጎመውም እሱ ነው።

ኤማን ማኻ በነገራችን ላይ የተረት ስፍራ ብቻ አይደለችም። ከአርማ ከተማ አጠገብ ያለው ኮረብታ ሲቆፈር 40 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ የእንጨት ሕንፃ ቅሪት ተገኝቷል። የምሰሶው እንጨት የተቆረጠው በ95 ዓመተ ዓለም ግድም እንደሆነ ከዛፉ ቀለበቶች ታውቋል። ከአፍሪካ ሰሜናዊ ጫፍ የመጣ የጦጣ ራስ ቅልም እዚያው ወጥቷል።

ወታደር የሌለው ሕግ

ሰውን በግዴታው የሚይዝ እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ከየት መጣ? ግማሹ መልስ ከሕጋቸው ይገኛል። የጥንቷ አየርላንድ ከመቶ በላይ ትናንሽ ነገሥታት የነበሯት፣ ከተማም ፖሊስም የማታውቅ አገር ነበረች። ዳኞች ነበሩ፤ ፍርዱን በጉልበት የሚያስፈጽም መንግሥት ግን አልነበረም። ፍርድ የሚከበረው በዋስና በክብር ነበር። እያንዳንዱ ነጻ ሰው በከብት የሚለካ የክብር ዋጋ ነበረው፤ ቃሉን ያጠፈ፣ እንግዳ የመለሰ፣ በባለቅኔ በሚገባ የተሰደበ ሰው ዋጋው ይወርዳል። ለመጣው ሁሉ ቤቱን ክፍት አድርጎ የሚያበላ ባለጸጋ እንደ ንጉሥ ይከበር ነበር። ባለሥልጣን የበደለው ድሃ ደግሞ በራፉ ላይ ተቀምጦ ይጾምበታል። ጌታው ጾመኛውን በሩ ላይ አስቀምጦ መያዣ ሳይሰጥ እህል ከቀመሰ ክብሩን አጣ።

እዚህ አገር ውስጥ የአሮጊቷን ንግግር ደግመን ብንሰማው ተራ ስድብ አይደለም። ኩኹሊንን ያስፈራራችው ሰው በሆነበት ነገር ነው።

ንጉሡ እና ሦስቱ ቀይ ፈረሰኞች

ከሁሉ የምወደው ታሪክ የኮናሬ ነው። አባቱ በወፍ አምሳል ወደ እናቱ የመጣ ፍጡር ነበር። ወጣቱ አንድ ቀን ወፎች ሲያሳድድ ከባሕር ዳር አደረሱት፤ ላባቸውን ጥለውም ባለ ጦር ሰዎች ሆኑ። ንጉሣቸው ወፍ ዘመድህ ነውና አትምታ፤ ወደ ታራ ሂድ፣ ትነግሣለህ አለውና የክልክሎቹን ዝርዝር ሰጠው። በዘመንህ ዘረፋ አይኑር። ሁለት ተገዢዎችህ ሲጣሉ ዳኛ አትሁን። ታራን በቀኝ፣ ብሬጋን በግራ አትዙር። የኬርናን አውሬዎች አታድን። ሦስት ቀዮች ወደ ቀዩ ሰው ቤት አይቅደሙህ። ፀሐይ ከገባች ብቸኛ ሴት ወይም ብቸኛ ወንድ ቤትህ አይግባ። ሌሎችም አሉ፤ ለምን የሚል የለም።

ኮናሬ ነገሠ፤ አገሩ ሰላምና ጥጋብ ሆነ። ስንጥቁ የጀመረው ከፍቅር ነው። አብረውት ያደጉት የዶን ዴሳ ልጆች ንጉሡ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከአንድ ገበሬ ላይ በየዓመቱ አንድ አሳማ፣ አንድ ጥጃ፣ አንድ ላም ይሰርቁ ነበር። ገበሬው ለአቤቱታ በመጣ ቁጥር ንጉሡ ራሳቸውን ጠይቃቸው እያለ ይመልሰው ነበር። ሌቦቹ አድገው ሽፍታ ሆኑ። ተይዘው ሲቀርቡ የሌላው ሽፍታ ሁሉ አባት የየራሱን ልጅ ይግደል፣ የኔዎቹ ይትረፉ ብሎ ፈረደ፤ ወዲያው ግፉን አይቶ ሻረውና ሁሉንም ባሕር ማዶ ሄደው እንዲዘርፉ ሰደዳቸው። ያን ቀን ለራሱ ዕድሜ የሚያሳጥር ፍርድ መስጠቱን ራሱም አወቀ።

ከዚያ በኋላ ክልክሎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። የሚደንቀው አወዳደቃቸው ነው። ሁለት ባለጠቦችን ለማስታረቅ ሄደ፤ ደግ ሥራ ነው፤ አንዱ ተጣሰ። ሲመለስ አገሩ በእሳት ተያይዞ ስላየ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ታራን በቀኝ፣ ብሬጋን በግራ መዞሩ ነበር። የገጠመውን አውሬ አደነ፤ የኬርና አውሬዎች መሆናቸውን ያወቀው ከገደላቸው በኋላ ነው። ለማደር ያሰበው ዳ ዴርጋ በሚባል እንግዳ ተቀባይ ቤት ነው፤ የሰውዬው ስም ቀይ ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ሦስት ፈረሰኞች ከፊቱ ይታያሉ፤ ልብሳቸው ቀይ፣ ፀጉራቸው ቀይ፣ ፈረሶቻቸው ቀይ። ልጁን ልኮ ከኋላዬ ሁኑ ብሎ አስለመነ፤ ልጁ ፈረሱን ቢያስጋልብ በመሐላቸው ያለው ርቀት ግን አልቀነሰም። ቤቱ ገብቶ ፀሐይ ስትጠልቅ አንዲት አስቀያሚ ሴት በሩ ላይ ቆማ አስገቡኝ አለች። ክልክሌ ነው አላት። የንጉሥ ቤት ለአንዲት ሴት እራትና ማደሪያ ካጣ እንግዳ መቀበል ድሮ ቀርቷል ማለት ነው አለችው። የአሮጊቶቹ ዘዴ ነው። አስገባት።

በዚያች ሌሊት የተሰደዱት ሽፍቶች ከባሕር ማዶ ካገኙት አንድ ዓይና አዝማች ጋር ቤቱን ከበቡ። ሦስት ጊዜ አቃጠሉት፤ ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ ውሃው አለቀ። ኮናሬ ውሃ ጠማው። ጀግናው ማክ ኬክት ጽዋ ይዞ ውሃ ፍለጋ ቢዞር የአየርላንድ ወንዞችና ሐይቆች ተሸሸጉበት። አግኝቶ ሲመለስ ሁለት ሰዎች የንጉሡን ራስ እየቆረጡ ደረሰ። ገደላቸውና ውሃውን በተቆረጠው ራስ ጉሮሮ አፈሰሰው። ራሱም አፍ አውጥቶ አመሰገነው።

የፊን ጭፍሮች ታሪክ ውስጥም ነገሩ ያው ነው፤ ባጭሩ እናልፈዋለን። ግራንያ ከሽማግሌው ፊን ጋር በሠርጓ ግብዣ ላይ ሳለች ወጣቱን ዲያርሙድ ይዘኸኝ ውጣ ብላ ጌሽ ጣለችበት። ለጌታው ለፊን ታማኝነት በአንድ በኩል፣ ጌሹ በሌላው። ይዟት ወጣ። በመጨረሻም ከርከሮ እንዳያድን የተከለከለው ዲያርሙድ በስላይጎ፣ ቤን ቡልበን ተራራ ላይ፣ በከርከሮ ተወግቶ ወደቀ። በእጁ ቀድቶ ያጠጣው ውሃ የሚፈውስለት ፊን ውሃውን ሁለት ጊዜ በጣቶቹ መሐል አፈሰሰው። ሦስተኛውን ይዞ ሲደርስ ዲያርሙድ ሞቷል።

ከየት ይጀመር?

እነዚህን ታሪኮች ሌዲ ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1904 በሁለት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ተረከቻቸው፤ የከብት ዘረፋውን ባለቅኔው ቶማስ ኪንሴላ በ1969 ተረጎመው። ኩኹሊን ደግሞ ከመጽሐፍ ወጥቶ ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል። ከድንጋዩ ጋር ታስሮ ሲሞት የሚያሳየው የኦሊቨር ሼፐርድ ሐውልት የ1916ቱን አመፅ ለመዘከር ከ1935 ጀምሮ በደብሊን ዋና ፖስታ ቤት ቆሟል። በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ከብሪታንያ አንለይም የሚሉት ወገኖች ያንኑ ጀግና የአልስተር ጠባቂ ብለው በግድግዳ ላይ ሥለውታል።

ብዙዎች ንባቡን በከብት ዘረፋው ጀምሩ ይላሉ። እኔ አልስማማም። በመጠኑ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የሟች ስም ዝርዝሩ ጀማሪን ያደክማል። የኮናሬ ታሪክ፣ «የዳ ዴርጋ ቤት ጥፋት» የሚባለው፣ አጭርና በአሠራሩም የተሻለ ነው። ያገኘ ሰው እሱን ያስቀድም፤ እርሳስ ይያዝ፣ የወፎቹ ንጉሥ የሰጠውን ዝርዝር ከነበረበት ገጽ ገልብጦ ዳር ላይ ያስቀምጥ፣ አንዱ በተጣሰ ቁጥርም ምልክት ያድርግበት።